ውሻዎን ወደ አውሮፓ ሊወስዱ ነው? ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት

«ዶክተር፣ በረራዬ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ለውሻዬ ወረቀት ጻፍልኝ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን ወይም ወደ ጣሊያን ከሆነ መልሴ አጭር ነው፦ አይደርስም።

ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ኢትዮጵያ የአውሮፓ ኅብረት የደም ምርመራውን ከተወላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ መከተቡ ብቻ አይበቃም፤ ክትባቱ መሥራቱ በደም ምርመራ ይረጋገጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ፣ ከዚያ ክትባት። ቺፑ ከክትባቱ በኋላ ከገባ ክትባቱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ እንደገና መከተብ ነው። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይቀዳና ኅብረቱ ወደሚቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱ በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 3 ወር ይጠበቃል። በጥቅሉ 4 ወር፤ ለድመትም ያው ነው።

የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚያጸድቀው የጤና ሰርተፍኬት የሚወጣው መጨረሻ ላይ፣ ከመድረሻው በፊት ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ነው። እኔ ወረቀት ከመፈረሜ በፊት የቺፕ ማንበቢያውን በትከሻዎቹ መካከል አሳልፌ 15ቱን አሃዝ አንድ በአንድ አመሳክራለሁ። ባለቤቱ ይሰለቻል፤ ይሰልች። አንድ አሃዝ ከተዛባ ሰነዱ የሌላ ውሻ ነው የሚባለው።

አሜሪካ ሕጉ ሌላ ነው። ከ2024 ነሐሴ ወዲህ (በፈረንጆቹ) 6 ወር ያልሞላው ውሻ አይገባም።