ጉቶው ይነቀል፣ ሥሩ ይቅር

ግቢ ውስጥ የቆመ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ በቦታው አቮካዶ ወይም ጌሾ ሊተከል ሲታሰብ ቀድሞ የሚያስፈራው ሥሩ ነው። ዛፉ ወደ ላይ የሄደውን ያህል ሥሩም ወደ ታች ወርዷል ይባላል፤ በዚህ ግምት አንዱ ግቢውን ሁሉ ያስቆፍራል፣ ሌላው ተከላውን ይተዋል። የዛፍ ሥር ግን እንደዚያ አይሄድም። ወደ ታች ጠልቆ የሚወርድ ሥር ቢኖርም፣ አብዛኛው ሥር ያለው በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ከዚያም ወደ ጎን፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። ይህን ሁሉ እስከ ጫፉ ተከትሎ ማውጣት ከንቱ ድካም ነው። መውጣት ያለበት ጉቶው ነው።

ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ የሚያቆጠቁጠው ከጉቶው ቅርፊት ሥር ከተኙ ቡቃያዎች፣ በተለይም ግንዱ ከሥሩ ከሚጋጠምበት አንገት አካባቢ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለው በፍጥነት ስለሚያድግ ብቻ አይደለም፤ አንዴ ተተክሎ ደጋግሞ ስለሚቆረጥም ነው። ከአንገቱ የተለየ የሥር ቁራጭ ግን አፈር ውስጥ ይበሰብሳል እንጂ መልሶ ዛፍ አይሆንም። (ሁሉም ዛፍ እንዲህ አይደለም፤ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥም አለ። ከግንዱ ራቅ ብሎ ቡቃያ የሚያወጣ ዛፍ ከሆነ ይህ ምክር አይሠራም።)

ጉቶ መንቀልን መከራ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ቆራጩ ራሱ ነው። ዛፉን ከመሬት እኩል አድርጎ ይቆርጥና ግንዱን ከሸጠ በኋላ ዶማ ፍለጋ ይወጣል። የሸጠው ግን ዋናውን መሣሪያውን ነው! ግንዱ በሰው ቁመት ልክ ቢተው ኖሮ ጉቶውን የሚፈነቅል ረጅም ዘንግ ይሆንለት ነበር። ዙሪያው ይቆፈራል፤ ወደ ጎን የሄዱት ወፍራም ሥሮች አፈራቸው ተጠርጎ በመጥረቢያ ይቆረጣሉ (አፈር የያዘ ሥር ላይ የሚያርፍ መጥረቢያ ወዲያው ይዶለድማል)፤ ከዚያ ከግንዱ ጫፍ በታሰረ ገመድ ከወዲያ ወዲህ ይሳባል። የቀረው ሥር የትኛው እንደሆነ ጉቶው ሲወዛወዝ ራሱ ያሳያል። ገመዱ ከግንዱ ቁመት የበለጠ ይርዘም፤ ሳቢው የሚወድቅበት ላይ መቆም የለበትም። ዶማ ከመነሳቱ በፊት ደግሞ የውኃ ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ ይታወቅ። ይህን ድካም ሽሽት ጉቶው ላይ ጨው ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያፈስ ሰው፣ ነገ የሚተክልበትን አፈር ዛሬ እያበላሸ ነው።

የሚቀረው ሥር አዲሱን ተክል አይጎዳም ወይ? የሚበሰብስ እንጨት ናይትሮጅን ይሻማል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ ግን የሚያይለው ሰጋቱራና ስብርባሪ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ ነው። ያልተፈረካከሰ ወፍራም ሥር የሚበሰብሰው በዝግታ ስለሆነ ሽሚያው ቀላል ነው፤ በመትከያው ጉድጓድ ውስጥ የተገኘውን ብቻ ቆርጦ ማውጣትና ብስባሽ መጨመር ይበቃል። ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል የሚባለውም የቆመውን ዛፍ እንጂ የሞተውን ሥር አይመለከትም። የማልከራከረው በአንዱ ብቻ ነው፤ ዛፉ በሥር አበስባሽ ፈንገስ ታሞ ከሞተ፣ በሽታው በቀረው ሥር ላይ ቆይቶ ወደ አዲሱ ተክል ሊሻገር ስለሚችል የተገኘው ሥር ሁሉ ተለቅሞ መውጣት አለበት።

ከቀረው ሥር ይልቅ የሚያሳስበኝ ጉቶው የወጣበት ጉድጓድ ነው። የተመለሰው አፈር ቀስ በቀስ ይሰምጣል፤ መሐሉ ላይ የተተከለ አቮካዶም አብሮ ይሰምጥና ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። አቮካዶን ደግሞ ውኃ የሚተኛበት አፈር ሥሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ እርጥበቱን ሳይጨርስ በመስከረም ወይም በጥቅምት ጉቶውን ንቀሉ፤ ጉድጓዱን በየደረጃው እየረገጣችሁ ሙሉና ከመሬቱ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት። ችግኙን በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ፣ ከጉድጓዱ መሐል ፈቀቅ አድርጋችሁ ትከሉ።