ሰላጣና ጥቅል ጎመን በአንድ መደብ፦ የተክል ርቀት ምርትን እንዴት ይወስናል?



በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ ለአዲስ አበባ ገበያ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን የሚያለማ አነስተኛ ገበሬ ሀብቱ ጥቂት መደብ ነው። ስለዚህ «በዚህች መሬት ስንት ችግኝ ልትከል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን ጎደሎ ነው። መጠየቅ ያለበት የትኛው ተክል ከየትኛው ጋር፣ በምን ያህል ርቀትና ለምን ያህል ጊዜ ጎረቤት ይሁን የሚለው ነው።

በቅድሚያ ሰላጣን ለብቻው እንመልከት። በመስመሮችና በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ብንተው በአንድ ካሬ ሜትር 11 ያህል ተክል እናገኛለን፤ ወደ 20 ብናጠብበው 25 ይሆናል። ለስሌት ያህል፣ አንዱ ራስ በሰፊው ርቀት 400፣ በጠባቡ 200 ግራም ይመዝናል እንበል። ምርቱ ከ4.4 ወደ 5 ኪሎ ግራም ከፍ ይላል። ችግኙ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ምርቱ ያደገው ከ15 በመቶ ባነሰ ነው ማለት ነው። ጃፓናውያኑ ኪራና ሺኖዛኪ በ1950ዎቹ እንዳስረዱት፣ ተክሎች በበዙ ቁጥር የእያንዳንዳቸው ክብደት ይቀንሳል፤ ከአንድ ደረጃ በኋላም የመሬቱ ጠቅላላ ምርት አይጨምርም። ብርሃኑ፣ ውሃውና ናይትሮጅኑ ያው ነውና። በራስ ቁጥር ለሚሸጥ ገበሬ ደግሞ የኮሰመነ ሰላጣ ኪሳራ ነው። በተጨማሪም ተጠጋግቶ ነፋስ ያጣ ቅጠል እርጥበቱ ስለማይደርቅ በሻጋታ ይጠቃል።

አሰባጥሮ መትከል ከመጨናነቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥቅል ጎመን በ60 ሴንቲ ሜትር የመስመር ርቀት ሲተከል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመስመሮቹ መካከል ያለው መሬት ባዶ ይሆናል፤ በዚያ የሚበቅለውም አረም ነው። ሰላጣ ከተዛመተ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ጥቅል ጎመን ግን ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። በየሁለቱ የጎመን መስመሮች መሐል አንድ የሰላጣ መስመር በአንድ ጊዜ ብንተክል፣ ጎመኑ ቅጠሉን ዘርግቶ ከማጥላቱ በፊት ሰላጣው ይነሳል። ሰላጣውን ሳምንታት አዘግይተን ብንተክለው ግን በጥላ ሥር ይቀጭጫል። እንግዲህ ርቀት በሴንቲ ሜትር ብቻ ሳይሆን በቀናትም ይለካል።

ጥቅሙን የምንመዝነው ሚድና ዊሊ እ.ኤ.አ. በ1980 በሰፊው በተነተኑት የመሬት አቻ ጥምርታ ነው። ጎመኑ ለብቻው ከሚሰጠው 0.9፣ ሰላጣውም በግማሽ ብዛት ተተክሎ 0.45 ቢሰጥ፣ ድምሩ 1.35 ይሆናል። ይህም በአንድ ሄክታር የተገኘውን በተናጠል ለማምረት 1.35 ሄክታር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

ሆኖም ተማሪዎቼን ዘወትር የማስጠነቅቀው ነገር አለ። ለንጽጽር የተተከለው ብቸኛ ሰላጣ በተሳሳተ ርቀት ተጨናንቆ የሚገባውን ግማሽ ብቻ ቢሰጥ፣ 0.45 የነበረው 0.9፣ ድምሩም 1.8 ሆኖ ይታያል። ጭማሪው የመጣው ከማሳው ሳይሆን ከመለኪያው ነው። በእንዲህ ያለ ቁጥር ተመርተን ምክር ብንሰጥ ስህተቱ የእኛ፣ ዕዳው የገበሬው ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰብል ለብቻው ሲለካ ለእርሱ በሚስማማው ርቀት መተከል አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰላጣም ጎመንም ናይትሮጅን ፈላጊዎች ናቸው፤ ለጎረቤት የሚተርፍ የላቸውም። ማዳበሪያውና ውሃው ለሁለቱም ታስቦ ካልቀረበ ጉርብትናው ሽሚያ ይሆናል።

ገበሬው ከእኛ ሊወስድ የሚገባው ምክር ይህ ነው፦ መሬቱን ሁሉ ከመለወጡ በፊት ሦስት ትንንሽ መደቦችን፣ ማለትም ሰላጣ ብቻ፣ ጎመን ብቻና ሁለቱን አንድ ላይ፣ ጎን ለጎን ተክሎ የሚሸጠውን ምርት ብቻ ይመዝን። ፍርዱን የሚሰጠው የራሱ ሚዛን ነው።