የዳርዊን ደብዳቤዎችና የሕመምተኛው «አዎ»

ቻርልስ ዳርዊን (1809–1882 እ.ኤ.አ.) በአገራችን የጤና ባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቀው በዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳቡ ነው። በኤድንብራ የጀመረውን የሕክምና ትምህርት ያለ ማደንዘዣ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ማየት ስለከበደው መተዉና አብዛኛውን ዕድሜውን ታምሞ መኖሩ ግን ብዙም አይነሳም። ከቤቱ እምብዛም የማይወጣው ይህ ሰው ዓለምን የሚመረምረው በፖስታ ነበር። የጻፋቸውና የተጻፉለት፣ እስከ ዛሬ የተገኙ ደብዳቤዎች ከ15,000 ይበልጣሉ፤ በካምብሪጅም በ30 ጥራዞች ታትመዋል።

ከግል ደብዳቤዎቹ ሁሉ የሐኪምን ልብ ይበልጥ የሚነኩት በሚያዝያ 1851 እ.ኤ.አ. ከሞልቨርን ለባለቤቱ ለኤማ የላካቸው ናቸው። የ10 ዓመት ልጃቸው አኒ እዚያ ታማ ተኝታ ነበር፤ ኤማ ነፍሰ ጡር በመሆኗ ከቤት አልወጣችም። አባትየው ልጂቱ ስትንት ጊዜ እንዳስመለሰች፣ ምን እንደቀመሰች፣ ምን እንደተናገረች በየዕለቱ ይጽፍ ነበር። አኒ ሚያዝያ 23 ቀን አረፈች። ተስፋና ሐዘን በተቀላቀለበት በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ያየውን ከሚመኘው ለመለየት ሲታገል ይታያል።

ይኸው ጥንቃቄ በሳይንሳዊ ደብዳቤዎቹ ውስጥ ደንብ ሆኖ ይገኛል። ዳርዊን በ1867 እ.ኤ.አ. የሰው ልጅ ስሜቱን በፊቱና በሰውነቱ እንዴት እንደሚገልጽ የሚጠይቅ አጭር መጠይቅ አዘጋጅቶ በተለያዩ አህጉራት ለሚኖሩ ሚስዮናውያንና ሹማምንት ላከ። ሰው ሲደነቅ ቅንድቡን ያነሳልን? ሲስማማ ራሱን ይነቀንቃልን? መላሾቹ በትዝታ እንዳይታመኑ፣ ያዩትን ከነሁኔታው እንዲገልጹ አጥብቆ ለመነ። 36 መልሶች ደረሱት። ለሐኪሞችም ጽፏል፤ ሕፃን ሲጮኽ ዓይኑን አጥብቆ የሚጨፍነው ስለ ምን እንደሆነ የኡትሬክቱን የዓይን ሐኪም ዶንደርስን ጠይቆ መልስ አግኝቷል። ውጤቱ በ1872 እ.ኤ.አ. ስለ ስሜት አገላለጽ የታተመው መጽሐፉ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ለዳርዊን የነገረው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን አገራችን የኖረው፣ «ባሻ ፈለቀ» በሚል ስም የታወቀው፣ ከመቅደላ በኋላም የልዑል ዓለማየሁ ሞግዚት የሆነው ካፒቴን ስፒዲ ነው። እንደ እርሱ አባባል ሐበሻ «አይደለም» ሲል ራሱን ወደ ቀኝ ትከሻው ወዝወዝ አድርጎ፣ አፉን ሳይከፍት ምላሱን ያጮኻል፤ «አዎ» ሲል ደግሞ ራሱን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ ለቅጽበት ቅንድቡን ያነሳል።

ስፒዲ የሚያውቀው የሰሜኑን ሕዝብ ነው፤ ወላይታን ሊወክል አይችልም። ሆኖም በምሠራበት በሁምቦ ቅንድብን ከፍ አድርጎ ትንፋሽን በአጭሩ ወደ ውስጥ መሳብ ለ«አዎ»፣ የምላስ ድምፅም ለ«አይደለም» ሲያገለግል አያለሁ። ወደ ቀኝ ትከሻ መወዝወዙን ግን አላየሁም።

ይህ ነገር ለሐኪም ተራ ወግ አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ስንጠይቅ ዓይናችን ካርድ ላይ ከሆነ፣ ለቅጽበት የሚታየው «አዎ» ያመልጠንና «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ወላይትኛ የማይችል ባለሙያ በአስተርጓሚ ሲጠይቅ ችግሩ ይብሳል፤ የሚያየው የአስተርጓሚውን ፊት እንጂ የሕመምተኛውን አይደለምና። ለአካባቢው አዲስ የሆነ ባለሙያ ደግሞ የተነሳውን ቅንድብ መደነቅ አድርጎ ሊተረጉመው ይችላል፤ የዳርዊን መጠይቅ ራሱ የተነሳ ቅንድብን የቆጠረው የመደነቅ ምልክት አድርጎ ነው። ትንፋሽ ባጠረው ሰው ላይም ወደ ውስጥ የሚሳበው «አዎ» ከሕመሙ አተነፋፈስ ጋር ይምታታል። ስለዚህ «ሌሊት ያልብዎታል?» ከማለት ይልቅ «ሲነሱ ልብስዎ እንዴት ሆኖ ያገኙታል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በስትሮክ ምክንያት ፊቱ በአንድ ወገን የሰነፈ ሕመምተኛ ግን ቅንድቡን በአብዛኛው ማንሳት ይችላል፤ የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ወገኖች ትእዛዝ ይቀበላልና። የፊት ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ግን በተጎዳው ወገን ቅንድቡ አይነሳም። እንግዲህ የሚባለውን እየተረዳ አንደበቱ የተያዘ ሰው ብናገኝ፣ ቤተሰቡ ወደ ውጭ ከመላካቸው በፊት በቤቱ «አዎ» የሚለው በምን ምልክት እንደነበር ጠይቀን በካርዱ ላይ እንጻፈው።