በዓልን ማስተማሪያ ማድረግ፤ ከቤተ ልሔም ጉባኤ እስከ ልዩ ፍላጎት ክፍል

በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በየአገሩ ድጓ ሲማር የኖረ ሰው መምህር ለመባል በመጨረሻ ወደዚያ ወጥቶ ያስመሰክራል። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አባም እዚያው ጋይንት ውስጥ ስለሆነች አካባቢው ለቤተ ክርስቲያን ዜማ እንደ ዩኒቨርሲቲ የሚቆጠር ነው። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ግን ዝናውን ሳይሆን የትምህርቱን አሰላለፍ ነው። ድጓ የሚጀምረው መስከረም 1 ቀን ከዮሐንስ ነው። ከዚያ መስቀል ይመጣል፣ ጽጌ ይከተላል፣ አስተምሕሮ ይገባል፣ ልደትና ጥምቀት ይደርሳሉ፤ በጾመ ድጓ በኩል ወደ ፋሲካ ይሻገራል። እያንዳንዱ በዓል የራሱ ዋዜማ፣ የራሱ መዝሙር፣ የራሱ እስመ ለዓለም አለው። ተማሪው የሚማረው ዓመቱን በበዓላቱ ተከትሎ ነው።

በልዩ ፍላጎት ትምህርት ዙሪያ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ዒድን፣ እንቁጣጣሽን የትምህርት ጭብጥ አድርጎ የአካል ጉዳት ወይም የእድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ማስተማር ተገቢ ነው ወይ? አንዳንዱ ሃይማኖትን ወደ ክፍል ማስገባት ነው ይላል፤ ሌላው ጊዜ ማጥፋት ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ለእነዚህ ልጆች ከዚህ የተሻለ መግቢያ በር የለም ይላል። እኔ ከሦስተኛው ወገን ነኝ። ምክንያቴን ከቤተ ልሔም ብጀምር ይሻላል፤ ምክንያቱም የአብነት ትምህርት ቤቱ ይህን መንገድ ብዙ ዘመን ሄዶበታል፣ የት ላይ እንደሠራና የት ላይ እንዳልሠራም ማየት ይቻላል።

የሠራው ለዐይነ ስውራን ነው። ዜማ ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ይሄዳል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት የዜማ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጁ ይነገራል። ከዚያ በፊት ዜማው በቃል ነበር የኖረው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን የኔታ ሳያሰሙ ምልክቱ ብቻውን ዜማ አይሆንም። ስለዚህ ዐይነ ስውር ልጅ በጉባኤው መካከል ሲቀመጥ እንደ ባልንጀሮቹ ያው ተማሪ ነው። ቅኔ ቤት ደግሞ ለእሱ የበለጠ ሰፊ ነበር፤ ቅኔ በልብ ይቆጠራል፣ በቃል ይነገራል፣ መምህሩም በቃል ያርማል። የድጓ ተማሪ የራሱን ድጓ በብራና መጻፍ ስለነበረበት ዐይነ ስውሩ እዚያ ላይ ይቸገራል፤ በዓሉን ግን ከነዜማው በልቡ ይዞ ይወጣል። ጥምቀት ሲደርስ ከታቦቱ ፊት ከሚያሸበሽቡት አንዱ ነው፣ ምን እንደሚባልም ከብዙ ዓይናማ በላይ ያውቃል። በእስልምናም ተመሳሳይ መሰላል ነበር። በመንደሩ ቁርኣን ቤት ቁርኣንን በቃሉ አጥንቶ አል አዝሃር የገባው ዐይነ ስውሩ ግብፃዊ ጣሃ ሑሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሷል።

ያልሠራው መስማት ለተሳናቸው ነው። ሁሉም ነገር በጆሮ የሚገባ ከሆነ ጆሮው ያልሰማ ልጅ ከደጅ ይቀራል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅም ወላጅ ወደ የኔታ ሳይሆን ወደ ጸበል ነበር የሚወስደው። በጸበሉ ላይ ክርክር የለኝም፤ ልጁን ግን የሚያስተምረው ሰው አላገኘም። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ከዐቢይ ጾም እሑዶች አራተኛው መፃጉዕ ይባላል። የዕለቱ ወንጌል 38 ዓመት አልጋ ላይ የኖረ ሰው ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው መፈወሱ ነው። ሰውየው ለጌታ የተናገረው አቤቱታ ግን ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም የሚል ነበር። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ በተቀመጠበት ጉባኤ ይህ በዓል ሲነገር ፈውሱ ብቻ ከተነገረ ልጁ የሚሰማው “አንተ ገና ያልተፈወስክ ነህ” የሚለውን ነው። የሰውየው ብቸኝነትና የጎረቤቶቹ ዝምታ ቢነገር ደግሞ ትምህርቱ ለጉባኤው ሁሉ ይደርሳል።

ዘመናዊው የልዩ ፍላጎት ትምህርት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1917 ዓ.ም ገደማ ሚሲዮናውያን በደምቢ ዶሎ የዐይነ ስውራን ትምህርት ጀመሩ። ቆይቶ የሰበታው መርሐ ዕውራን፣ የሻሸመኔው የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ በአዲስ አበባም መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ብዙ አበርክተዋል፤ ነገር ግን ልጁን ከመንደሩ ይወስዱታል። በ2010 ዓ.ም መባቻ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኘችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው ወሎ ሳይንት ነው፤ ዓይኗን ካጣች በኋላ ትምህርት ያገኘችው ግን ሻሸመኔ ሄዳ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ፊደል ያገኛል፤ የመንደሩን ደመራ፣ የእናቱን ድፎ ዳቦ፣ የአያቱን ምርቃት ግን ከሩቅ ይናፍቃል።

በ1986 ዓ.ም በስፔን ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት ተወካዮች ተሰብስበው ልጆች ሁሉ በአካባቢያቸው መደበኛ ትምህርት ቤት ይማሩ የሚለውን መግለጫ አወጡ። የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በ1998 ዓ.ም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ተዘጋጀ፣ በ2002 ዓ.ም አገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን አጸደቀች፣ በ2004 ዓ.ም ስትራቴጂው ተከለሰ። ልጁ በመንደሩ ይማር ከተባለ የመንደሩ ዓመት አብሮት ክፍል መግባቱ አይቀርም። የበዓሉ ጥያቄ የበረታውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሕጉን በተመለከተ ግራ መጋባቱ መልስ ያለው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉ የከለከለው በመንግሥት ትምህርት ቤት መስበክን፣ ማስጸለይን፣ አንዱን እምነት ከሌላው ማስበለጥን ነው። ልጆች በቤታቸውና በአደባባይ የሚያዩትን ነገር ስም እንዲያውቁ፣ እንዲቆጥሩ፣ እንዲገልጹ ማድረግን አልከለከለም። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ክፍሉ ውስጥ ያለው የሙስሊሙ ልጅ ወይም የፕሮቴስታንቱ ልጅ እናት በር ላይ ቆማ ብታይ ቅር የማይላት ሥራ ከሆነ ትምህርት ነው። ችቦ ማሰር፣ ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ስኒ መደርደር ይህን ፈተና ያልፋል፤ ማስዘመር አያልፍም። ጋይንት ባለበት በደቡብ ጎንደር አብዛኛው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ቢሆንም ዒድና ዐረፋ የሚያከብሩ ልጆች አሉ፤ የእነሱም በዓል በተራው ዕቅዱ ውስጥ በስሙ መግባት አለበት። የካቲት 23፣ የዓድዋ ድል ደግሞ ማንንም የማያስቀይም፣ ፈረስና ጋሻ ያለበት፣ ልጅ የሚወደው በዓል ነው።

ጊዜ ማጥፋት ነው ለሚሉት መልሱ ያለው ሥራው ላይ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ “12 ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ ባዶ ነው። ዶሮ ግን 12 ብልት እንዳላት በቤቱ የሚታወቅ ነገር ነው። መምህሯ 12 ጠፍጣፋ ጠጠሮች ታዘጋጃለች፤ በአንዱ እግር፣ በሌላው ክንፍ፣ በሌላው ፈረሰኛ ይሳልበታል። ልጁ እያነሣ ስማቸውን ይጠራል፣ ይደረድራል፣ ይቆጥራል። ቀጥሎ ስድስት ሳህን ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል? ሁለት ሁለት። አንድ እንግዳ ቢጨመርስ? ልጁ የጎደለውን በዓይኑ ያየዋል። ይህ ማካፈል ነው፤ ግን የሚያበቃው ክፍል ውስጥ አይደለም። የፋሲካ ዕለት እናቱ “ና፣ እንቁላሉን አንተ አድል” ካለችው ልጁ በገበታው ላይ ሥራ አገኘ ማለት ነው። እኔ የበዓልን ትምህርት የምመዝነው በዚህ ነው።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች ከበሮ ይሁንላቸው። ከበሮ ሰፊና ጠባብ አፍ አለው፤ ልጁ መዳፉን ቆዳው ላይ ቢያሳርፍና ሌላው በወዲያኛው በኩል ቢመታ የሰፊውና የጠባቡ ንዝረት እንደሚለያይ በእጁ ይሰማዋል። ምቱን ይቆጥራል፣ ይመልሳል፣ በእግሩ ያስኬደዋል። ጥምቀት ላይ ከባልንጀሮቹ ጋር ሲጨፍር እየቀዳ ሳይሆን እያወቀ ነው። ለዐይነ ስውሯ ልጅ ደግሞ አደይ አበባን በጣቷ፣ ቄጤማን በእግሯ፣ ዕጣንን በአፍንጫዋ ማስተዋወቅ፣ ስማቸውንም በብሬይል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ እንድትጽፍ ማድረግ ይቻላል።

ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በዓል ራሱ ከባድ ሊሆንባቸው ይችላል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፣ ልብስ ይቀየራል፣ ሽታው ይቀየራል፣ የቡሄ ጅራፍ ይጮኻል፣ ድምፅ ማጉያው ሌሊቱን አያርፍም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ እነዚህ ልጆች ከጓዳ እንዲወጡ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታግለዋል። በዓል የሚያስደነግጠው ልጅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፦ ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚጮህ፣ መቼ እንደሚያበቃ በሥዕል በቅደም ተከተል ይታይለት። ድምፁ ሲበረታበት የሚሄድበት ጸጥ ያለ ክፍልም ይዘጋጅለት። ዝግጅቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀመር። በዋዜማው ፈንዲሻ በትኖ ልጆቹን ወደ ቤት መስደድ የበዓል ትምህርት አይባልም፤ ብዙ ቦታ ግን የሚደረገው እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በዓል ለብዙ ልጅ የደስታ ቀን ሲሆን አካል ጉዳት ላለበት ልጅ የመደበቂያ ቀን የሚሆንበት ቤት ዛሬም አለ። እንግዳ ይመጣል ተብሎ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ወደ ታቦቱ መሸኛ ሁሉም ሲወጣ እሱ ቤት ይጠብቃል። ይህን የሚሰብረው ስብከት ብቻ አይመስለኝም። ልጁ ቡና የሚያቀርብ፣ ቄጤማ የሚጎዘጉዝ፣ ዳቦ የሚያድል ሆኖ ሲገኝ ወላጅ የሚደብቅበት ምክንያት ያጣል።

የቀን መቁጠሪያው ራሱ አስቸጋሪ ነው። መስቀል ትምህርት ገና ሲጀመር ይደርሳል። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ስለሆኑ ሁለት ትልልቅ በዓላት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ። ቡሄ ነሐሴ 13 ስለሚውል ክረምቱ ይውጠዋል፤ የሚያስተምረው ወላጁ እንጂ መምህሩ አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ የያዘውን ልማድ ቶሎ ያጣል፣ ያጣውን ለመመለስም ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ትምህርት ቤት በተዘጋበት መንደር በዓሉ በቀኑ መምጣቱ ስላልቀረ ቤተሰብ በእጁ የቀረችውን ይህችን ትምህርት ቢጠቀምባት መልካም ነው።

ስለዚህ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ መምህራንና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። የመጪው ዓመት ዕቅድ ሲነደፍ በዓላቱ ከነቀናቸው ይግቡበት፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፤ ለእያንዳንዱ ልጅም በበዓሉ ዕለት በቤቱ የሚሠራት አንዲት ሥራ ትጻፍለት። ለቤተ ልሔምና ለዙር አባ ሊቃውንትም አንድ ነገር እላለሁ፦ ከብሬይል ባለሙያዎች ጋር ተቀምጣችሁ የዜማ ምልክቶቹ በጣት የሚነበቡበትን መንገድ ብትሠሩ፣ ድጓን በልቡ የያዘው ዐይነ ስውር ተማሪ የራሱን ድጓ መጻፍ ይችላል። ከምልክት ቋንቋ ባለሙያዎች ጋር ብትቀመጡ ደግሞ እስካሁን ከደጅ የቀረው ልጅ የበዓላቱን ስምና ምሥጢር ከእናንተው ይማራል።