ተጨማሪ መረጃ፦ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ቸርኬ አመራረጥና አገጣጠም

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ቸርኬ፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበት ክብ አካል፣ በሌላ ሲቀየር ከመልኩ አስቀድሞ መመርመር ያለበት የመሸከም አቅሙ ነው፤ ምክንያቱም ባትሪው መኪናውን ከተመጣጣኝ የቤንዚን መኪና ይበልጥ ያከብደዋል። ለምሳሌ በቴስላ ሞዴል 3 ላይ የሚታሰር ቸርኬ፣ ዲያሜትሩ 114.3 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ የተደረደሩ 5 የቡሎን ቀዳዳዎች ሊኖሩት ሲገባ፣ የመካከሉ ቀዳዳ ደግሞ 64.1 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ሞዞ፣ ማለትም ቸርኬው ከሚያርፍበት እምብርት፣ ጋር በትክክል መግጠም አለበት፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ልዩነቱ በቀለበት ካልተሞላ መኪናው በፍጥነት ሲጓዝ መሪው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ከቸርኬው ስፋት መካከለኛ መስመር እስከ መታሰሪያ ገጹ ያለው ርቀት ኦፍሴት የሚባል ሲሆን፣ ልኩ ከተዛባ ጎማው ወደ ውስጥ ከሾክ አብዞርበሩ ወይም ወደ ውጭ ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል። ትልቅ ቸርኬ ዓይን ቢማርክም፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቻርጅ የሚኬደውን ርቀት ይቀንሳል፤ ከዚህም የሚከፋው፣ የጎማው ግድግዳ ስለሚያጥር ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ላይ ቸርኬው በቀላሉ መጉበጡ ነው። የሞዴል 3 ቸርኬ ዳዶዎች በተርታ ሳይሆን በኮከብ ቅርጽ እየተፈራረቁ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ እስከ 175 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ።