ፍጥረትና ዝግመተ ለውጥ፦ ክርክሩ በትክክል ምን ላይ ነው?

በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ የሚማር የ12ኛ ክፍል ተማሪ የባዮሎጂ መጽሐፉን ሲገልጥ ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚያስተምር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያገኛል። ያደገበት አካባቢ ደግሞ እምነት ሥር የሰደደበት ነው። ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ሆሳዕና ከደረሱ ወዲህ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በሀዲያና በከምባታ ተስፋፍታለች። ሌሎች የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙም አብረው ይኖራሉ። ሰው የአምላክ ፍጥረት ነው በሚለው ሁሉም ይስማማሉ። ስለዚህ ተማሪው ለፈተና ሲል የማያምንበትን የሚሸመድድ ይመስለዋል፤ ምዕራፉን ነካ ነካ አድርጎ የሚያልፍ መምህርም አይጠፋም። ይህ ግን ለእውቀትም ለእምነትም አይበጅም። አስቀድሞ ሁለቱ ወገኖች የሚሉትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ንድፈ ሐሳቡ ምን ይላል?

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያሳተመው ሐሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የአንድ ዝርያ አባላት እርስ በርስ ይለያያሉ፤ ከልዩነቶቹ ብዙዎቹ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳሉ። የተወለደ ሁሉ አድጎ ዘር አይተካም፤ ለአካባቢው የሚስማማ ጠባይ ያለው የበለጠ ዘር ይተዋል። ይህ በሺዎች ትውልዶች ሲደጋገም ዝርያው ይለወጣል። ዳርዊን ሂደቱን ተፈጥሯዊ ምርጫ ብሎታል።

መጽሐፉን የጀመረው ከገበሬና ከከብት አርቢ ምርጫ ነበር። ለዚህ የሀዲያና የከምባታ የእንሰት ጓሮ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። ገበሬው ግንዱን ቆርጦ፣ የአሚቾውን እምብርት አውጥቶ አፈር ሲያለብሰው በዙሪያው ብዙ ችግኝ ይበቅላል። ችግኙ የእናቱን ጠባይ ይዞ ስለሚወጣ የተወደደውን ዓይነት ለይቶ ማብዛት ይቻላል። አንዱ ቆጮው ይበዛል፣ ሌላው ቃጫው ይጠነክራል፣ ሌላው አሚቾው ተቀቅሎ ይጣፍጣል፣ ሌላው ለተሰበረ አጥንት ይፈለጋል፣ ሌላው የአጠውልግ በሽታን ይቋቋማል። በአንድ ጓሮ በየስማቸው የሚጠሩ በርካታ እንሰቶች የቆሙት የብዙ ትውልድ እጅ ስለመረጣቸው ነው።

መራጭ ሰው በሌለበትስ? በብላቴና በጊቤ ቆላዎች የኖረ ሁሉ ወባን ያውቃል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋስ ቀድሞ በክሎሮኪን ይሞት ነበር። መድኃኒቱ በተሰጠው ሰው ደም ውስጥ ግን በዘረመላቸው ለውጥ መድኃኒቱን የቻሉት ጥቂቶች ተረፉና ተባዙ፤ እያደርም በዙ። ኢትዮጵያ ለዚህ ወባ የምትሰጠውን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 ደግሞ ወደ ኮአርተም የቀየረችው ለዚህ ነው። ተሕዋሱን ማንም አላሠለጠነውም፤ ምርጫው በራሱ ተከናወነ።

አለመግባባቱ የሚጀምረው የት ላይ ነው?

እስከዚህ ድረስ ብዙ የፍጥረት አማኞችም ይስማማሉ። ክርክሩ የሚጋጋለው ስለ ሰው አመጣጥና ስለ ምድር ዕድሜ ሲነሣ ነው። “ሰው ከዝንጀሮ መጣ” የሚለው አባባል የንድፈ ሐሳቡ ቃል አይደለም። ንድፈ ሐሳቡ የሚለው ሰውና ቺምፓንዚ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። የአጎት ልጅ ወላጅ አይደለም፤ ከአንድ አያት መውረድ ግን አለ።

ከዋና ዋና ማስረጃዎቹ አንዳንዶቹ የተገኙት በአገራችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ቅሪተ አካል ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በዲኪካ ያገኛት፣ ሰላም የተባለችው ሌላዋ ቅሪተ አካል 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። “ይህን ያህል ዓመት እንዴት ታወቀ?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱም ለሆሳዕና ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኦሞ ኪቢሽ እንደ እኛው ያለ ሰው አጥንት ተገኘ። ከአጥንቱ በላይ ወፍራም የእሳተ ገሞራ አመድ ተነጥፏል። ተመራማሪዋ ሴሊን ቪዳል የመሩትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራት የተሳተፉበት ቡድን የአመዱን ኬሚካዊ ይዘት መርምሮ፣ አመዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከሻላ እንደተነሣ አረጋገጠ። ዛሬ ሻላ ሐይቅ የተኛበት ይህ እሳተ ገሞራ ከሆሳዕና በስተምሥራቅ፣ ከብላቴ ማዶ ይገኛል። በሻላ ድንጋዮች ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመውን አርጎን በመለካት ፍንዳታው ከ233,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደደረሰ ታወቀ፤ ግምቱ 22,000 ዓመት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። አጥንቱ ከአመዱ በታች ስለተገኘ ከዚያ ይቀድማል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

የፍጥረት እምነት አንድ ዓይነት ብቻ ነው?

አይደለም። አንዳንዶች ስድስቱን ቀናት እያንዳንዳቸው 24 ሰዓት አድርገው ወስደው ምድር ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ አላት ይላሉ። ከዘፍጥረት የትውልድ ሐረግ ተነሥቶ የሚሠራው ስሌት ግን ራሱ ይለያያል፤ የአየርላንዱ ጳጳስ ጄምስ አሸር ፍጥረትን ከክርስቶስ ልደት በፊት 4004 ላይ ሲያኖሩ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ የዘመን አቆጣጠር ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ይቆጥራል። ሌሎች አማኞች ቀናቱን እንደ ረጃጅም ዘመናት ያነቧቸዋል። በካቶሊክ በኩል ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 ነፍስን የሚፈጥር እግዚአብሔር ነው የሚለው ተጠብቆ የሰው አካል አመጣጥ እንዲመረመር ፈቅደዋል። የሰውን ዘረመል ያነበበውን ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የመሩት ፍራንሲስ ኮሊንስ ደግሞ ወንጌላዊ ክርስቲያን ናቸው፤ እግዚአብሔር በዝግመተ ለውጥ ፈጠረ ብለው ያምናሉ።

ስለዚህ እውነቱ በግልጽ ይነገር። የምድር ዕድሜ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑና የሕያዋን ዝምድና በብዙ ማስረጃ የጸና ነው፤ ምድር የጥቂት ሺህ ዓመት ናት የሚለው ንባብ ከዚህ ጋር ይጋጫል፣ መሸፋፈንም አይቻልም። “ፈጣሪ አለ” የሚለው እምነት ግን በአርጎን ልኬት አይፈርስም። ዝግመተ ለውጥ እግዚአብሔር አለመኖሩን አረጋገጠ የሚል ሰው ከሳይንስ ድንበር አልፎ ይናገራል።

መምህራን ሆይ፣ ምዕራፉን ሙሉውን አስተምሩ። ሰባኪዎች ሆይ፣ ንድፈ ሐሳቡን ስትሞግቱ እርሱ ራሱ የሚለውን ሞግቱ፤ ወጣቱ ያልተባለውን ስትነቅፉ ቢያገኛችሁ የተባለውንም ያጠራጥረዋል። አንተም ተማሪ፣ አንቺም ተማሪ፣ ነገ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ወይም እርሻ ብትማሩ መድኃኒት የሚቋቋም ተሕዋስና በሽታ የሚቋቋም እንሰት ይጠብቋችኋል። ሳትፈሩ ተማሩት፤ ጥያቄያችሁንም ለመምህራችሁም ለመጋቢያችሁም በግልጽ አቅርቡ።