ወደብ በር ላይ የሚባክን ሰዓት ከኪሳችን ነው የሚወጣው

ዛሬ ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ሰዓት እናውራ። አንዴ ያገናኘሁት ቡና ወደብ በር ላይ ተሰልፎ የመርከቡ መዝጊያ ሰዓት አለፈው። የሰኔው ጭነት ሐምሌ ገባ፤ ገዢውም ቅናሽ ጠየቀ።

የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ተርሚናሎች በ2005 እ.ኤ.አ. ቀን ለሚገባ ኮንቴይነር ክፍያ ጣሉ። ሾፌሮች ታዲያ ክፍያው የሚቆምበትን ሰዓት እየጠበቁ በር ላይ ይከማቹ ጀመር። በ2018 ክፍያውን ቀንም ማታም እኩል አድርገው መኪናውን በቀጠሮ ማስገባት ያዙ። ሲስተሙ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ኮንቴይነር ይዞ እንደሚመጣ ቀድሞ ያውቃል፤ ሰልፉም በየሰዓቱ ይከፋፈላል።

እኛስ? መኪናው ወደ ጂቡቲ ከመነሳቱ በፊት የቡኪንግ፣ የኮንቴይነርና የሲል ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አመሳክሩ። የጭነት ቀናችሁንም ከመዝጊያው ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ያዙ። ቁጥር ከተሳሳተ ቀጠሮም አያድንም።